ስለ ወለላ የተጫወቱት ሰንጠረዥ

ጎንደር፣ ጥር 1930
እናንዬ፣

ለማንም እንዳትነግሪብኝ እንጂ ትናንት በሰንጠረዥ ተዋርጃለሁ። እኛ አዲስ አበባ ከግሪኩ ቡና ቤት ተራ እየጠበቅን በዝምታ ነው የምንጫወተው። እዚህ ጎንደር አራዳ ግን የመጀመሪያው እግረኛ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ተራዬን ስጠብቅ የተጫወትንበት ቤት ጌታ አያ ክንዱ ሰባት ጊዜ ሄደዋል። «ምነው ልጄ፣ የጣልያን ፈቃድ ትጠብቃለህ?» አሉኝ፤ ቤቱ በሳቅ አለቀ።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ዳኛው የአያ ክንዱን ልጅ ወለላን ወዷታል። አያ ክንዱም «ካሸነፍኸኝ ሽማግሌ ላክ» ብለውት ለጨዋታ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ንጉሣቸው ጥግ ሲይዝ «በፈረሱ ጨርሰው» ብዬ ጮኽሁ። ሁሉም ዞሮ ገላመጠኝ። ለካ እዚህ በፈረስ መግደል አያስከብርም፤ የሚያስመሰግነው በእግረኛ ነው። ዳኛው ፈረሱን ትቶ ሦስት ጊዜ እግረኛ ሲገፋ እኔን ላብ አጠመቀኝ። በሦስተኛው ንጉሡ መውጫ አጣ። ከጓዳ የወለላ እልልታ ወጣና ወዲያው ታፈነ። አያ ክንዱ ግን «ሸጋ አድርገህ ገደልኸኝ፤ ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ» አሉ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ምን ብለው እንደመለሱልን ጽፌ ሰኞ በሚነሣው ማኪና እልክልሻለሁ።

ያንቺው መርሻ