ሱሪው ሳይሰበሰብ የተመረመረ እግር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ክቡርነትዎ ፍጹም ጤነኛ እንዲሆኑ፣ በተለይም በሚመሩት ሆስፒታል መታከም ግድ እንዳይሆንብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ ጀርባ ልብስ የምሰፋ ሴት ስሆን፣ የምጽፈው አናጺው ባለቤቴ ከእናንተ ስላገኘው እንክብካቤ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ ሳንቃ የገጨው ቅልጥሙ ቆስሎ ባበጠና በጋለ ጊዜ፣ ተረኛው ሐኪም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ነፍሳት ነክሶህ ነው» ብለው ቅባት አዘዙለት። ሱሪዬን ልሰብስብ ወይ ቢላቸው «አያስፈልግም፣ ገብቶኛል» አሉት። ከጨርቅ አልፎ የሚያይ ሐኪም ስለመደባችሁልን እናመሰግናለን፤ እኔ ሃያ ዓመት ጨርቅ ይዤ ይህ ችሎታ አልተሰጠኝም።

ሁለተኛ፤ በሳምንቱ እግሩ መግል ቋጥሮ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ተመለሰ። መግሉን ከፍቶ በማውጣትና ናሙና ወደ ላቦራቶሪ በመላክ ፈንታ፣ ለመጣ ሁሉ የሚታደለው ክኒን ታዘዘለት። ባይሻለው ያው ክኒን ተደገመለት። ጽናታችሁ ያስቀናል።

ሦስተኛ፤ በስንት ልመና የተወሰደው ናሙና ጠፋ። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኞቹ ስለ አገልግሎት ጥራት ሲሰበሰቡ ውለው ተበላሸ። ባለቤቴ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን «እግሬን ከቆረጡት መሰላል እንዴት እወጣለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ሦስተኛውን ናሙና አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ራሷ ወሰደችው። ተህዋሲያኑን አሳድጋ፣ በየመድኃኒቱ ፈትሻ፣ በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው እህቴ፤ የሚውጠው ክኒን አይነካውም። የሚገድለው መርፌ ግን እዚሁ ፋርማሲያችን አለ» አለችኝ። እስከዚያ ባክቴሪያው አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነበርና አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ተፍቆ፣ ስድስት ሳምንት በመርፌ ታክሞ እግሩ ተረፈ። ዛሬ እያነከሰ ይሄዳል፤ ጣሪያ መሥራቱን ትቶ፣ ቁጭ ብሎ በርጩማ ይሠራል።

አራተኛ፤ ይህች ባለሙያ «ከሥልጣንሽ ውጪ ለአስታማሚ ደውለሻል» ተብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣት ሰማሁ። ከእናንተ ቤት በሽታው ምን እንደሆነ የነገረን ሰው እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ጥፋቷ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው እንዲነሣላት በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ይህን ስጠይቅ አልቀለድኩም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት በካርድ ክፍላችሁ በር ላይ ከሚቆመው ሰልፍ እንደማያጥር እያረጋገጥኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የአናጺው ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላደርስ ስመጣ የክቡርነትዎ ሾፌር አንገት ላይ ቀልቶ ያበጠ ነገር አየሁና፣ ሳይብስበት እዚሁ እንዲታይ መከርኩት። አመስግኖኝ፣ እናንተ ቤት የሚሠራ ሰው እዚሁ የመታከም ስሕተት እንደማይሠራ ነገረኝ።