የጋሽ ቢራራ ተራ

ገዱ፣
ላፕቶፑን እንዳትዘጋው።

የጋሽ ቢራራን የበቅሎ ተራ ከወንድምህ ጋር ስትቀያይር ትራንዛክሽን አልጀመርክም፤ ቢጀመር ኖሮ ወይ ሁሉም ይጸና ነበር፣ ወይ ሁሉም ይሰረዝ ነበር። ወንድምህን በቦታቸው አስገብተህ እሳቸውን በእሱ ቦታ ሳታስገባ ኔትወርኩ ሄደ፤ ሽማግሌው ከተራ መመዝገቢያው ሲስተም ወጥተው ቀሩ። ትናንት የእንግዶችን ጓዝ ወደ ሳንቃ በር ካምፕ ሊያወጡ በቅሏቸውን ስበው በውርጭ ደባርቅ ድረስ መጡ፤ «ስምዎ የለም» ተባሉ።

ስልክህን አላነሳህም።

አሁን ትራንዛክሽን ጀምሬ ሁለቱንም ወደየተራቸው መልሻለሁ። ግን «ኮሚት» ካልተባለ አይጸናም። ላፕቶፑ ከተዘጋ የሠራሁት ሁሉ ይሰረዛል።

እኔ ቤታቸው ሄጃለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅልህ። መቼም ለምጄዋለሁ።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀው።

ኮሚቱን ራስህ ጻፈው። ወንድምህ ሲቆጣ ደግሞ «የሺዋስ ነው» ብለህ በእኔ እንዳታላክክ።