የቆንሲሉ ለቅሶ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለወልደጊዮርጊስ፣ ጅቡቲ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎ? እኛ በእመቤታችን ጥበቃ አለን፤ እናታችንም አሉ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎ ነጋዴ የታመነ ነው፤ ካነበቡት በኋላ ያቃጥሉት።

አደራ ብለው የላኩልን የቀድሞ ጌታዎ፣ ፈረንሳዊው ሙሴ አርማን ዐርፈዋል። በመተማ ሲገቡ የያዛቸው ንዳድ እናታችን ቤት ሲደርሱ ጣላቸው። ታሪካቸውን እርስዎ አስተርጓሚያቸው ሆነው ስለኖሩ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔ ንዳዱ ፋታ ሲሰጣቸው በተሰባበረ አማርኛቸው ያጫወቱኝን በየዕለት ማስታወሻዬ ጽፌው ነበር፤ አሁን ቀድጄዋለሁ። የባላባት ልጅ ሆነው በግንብ ቤት አደጉ፤ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆኑ፤ በጀርመን ጦርነት ጎናቸውን ተመቱ፤ ከዚያ መንግሥታቸው ቆንሲል አድርጎ ሰደዳቸው። ጣልያን ሲወርረን መንግሥታቸው ዝም ቢል ሹመታቸውን ጥለው፣ አርበኞቻችሁን ጦር ላስተምር ብለው በሽምግልናቸው መጡ። አንድ ሰው እንኳ ሳያስተምሩ በእናታችን ቁርበት ላይ ሞቱ።

ነፍሳቸው ስትወጣ እናታችን ሳያስቡት ወይኔ ልጄን ብለው ጮኹ። ጩኸት ሰምቶ የሚቀር ጎረቤት ደግሞ የለም። ሰዉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ ደጃችን ጎረፈ፤ ከመካከሉ ለጣልያን ወሬ የሚያቀብል አይጠፋም። ፈረንጅ ደብቀን ብንገኝ ቤቱን ከነሰዉ ያቃጥሉታል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ የወንድሜ የወልደጊዮርጊስ መርዶ መጣ አልሁ። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

ስለዚህ፣ ወንድም ጋሼ፣ እዚህ አገር ሞተዋል።

ልብስዎ ተዘርግቶ ተለቀሰ። አሰለፈች የምትባለው አልቃሽ፣ የሟቹን ሙያ ንገረኝ እንጂ በባዶ አፌ ምን ላውርድ አለችኝ። የሙሴን ሰጠኋት፤ ሙሾ ምስክር አይጠየቅበትም።

በጀርመን ጦርነት ጎኑን የተመታ፣
ቆንሲል ሆኖ የኖረ ከነገሥታት ተርታ

እያለች ስታወርድ ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። አማትዎ አያሌው ብቻ፣ ይህን ሁሉ ተሹሞ ለእኔ አንድ ካባ መላክ አቃተው ብለው አጉረመረሙ። ሰዉ ለቅሶው ሜዳ ላይ ሳለ እኔና ገበሬያችን ሞላ ሙሴን ከጎተራው ጀርባ ቀበርናቸው። እኔ ዕንባ አልወጣኝም። በሐዘን ደንዝዞ ነው አሉ።

የቀረው የባለቤትዎ የየሺ ነገር ነው። እናታችን አይነገራት አሉ፤ ፊቷ ነገር አይደብቅም። ጠጉሯን ተላጭታ ማቅ ለብሳለች። አባቷ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ሊድሯት ሰው እያነጋገሩ ነው። ብነግራት ቤቱ ይነዳል፤ ዝም ብል ትዳርዎ ይፈርሳል። መዝኜው መዝኜው አልለይ አለኝ። ፈቃድዎን በዚሁ ሰው አፍ ይላኩልኝ፤ ጣልያን ሳይወጣ ግን እንዳይመጡ።

እናታችን ልጄ በሕይወት ይቆየኝ ይላሉ፤ በልብስዎ ፊት የምር አልቅሰው ታመው ነበር፣ አሁን ተነሥተዋል። ሞላ እጅ ይነሣል። የሺ ሰላምታ አልላከችም፤ ለነፍስዎ ግን ጧት ማታ ትጸልያለች።

ታናሽ ወንድምዎ መርሻ
አንበሳሜ፣ ከደብረ ታቦር በታች
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.