ለድረ ገጻችን ያበጀሁት በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኮኪት

ድረ ገጻችን ዛሬ ተከፈተ! ያለ አስተማሪ፣ በስልኬ ብቻ ተምሬ የሠራሁት ነው። የማኅበራችንን ሰሊጥ ደላላ ሳይገባበት የሩቅ ገዢ እንዲያየው ብዬ ስንት ደከምሁ።

ልጄ ትርንጎ ግን የፊተኛውን ገጽ አልወደደችውም። ሰላምታና «ይግቡ» የሚል የሚጫን ቁልፍ እንጂ ሌላ የለበትም።

«አባዬ፣ ሰው የሚመጣው ሰሊጥ ሊያይ ነው፤ በር ላይ ምን ያቆመዋል?» አለችኝ።

«ሰላምታ ሳይቀድም ሸቀጥ መዘርገፍ ነውር ነው» አልኋት።

ከመተማ የመጡት ነጋዴ ሐጂ ኢድሪስ ይዳኙን ብለን ገጹን በስልካቸው ከፈትንላቸው። ሰላምታውን አንብበው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ቁልፉን ሳይነኩ ስልኩን ማየት ያዙ።

«ይጫኑት እንጂ፣ ሐጂ!» አልኋቸው።

«አንዴ ይግቡ ስላሉት ዘው የሚል እንግዳ አይተው ያውቃሉ? እስኪለምነኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ነገሩ ገባኝ። እኛ እንግዳ እንቢ ሲል እጁን ይዘን እንጎትታለን፤ ገጹ ምን እጅ አለውና! ወዲያው በሩን አነሣሁት። ሰላምታውን ግን ከሰሊጡ ፎቶ በላይ አኖርሁት። ትርንጎ አሸነፍሁ ትላለች። በር አነሣሁ እንጂ መቼ ተሸነፍሁ?

ሐጂ እንደገና ከፈቱት። ሰላምታዬን በጣታቸው ገፍተው ወደ ሰሊጡ ወረዱና «ይኼ ነጩ የት ነው ያለው? ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልየው» ብለው ብድግ አሉ። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወደ መጋዘኑ መራኋቸው።