ፊታውራሪው ካልፈረሙ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7፤ ቡታጅራ

ዛሬም በርበሬ ስወቅጥ ዋልኩ። እጄ ይለበልባል፤ ስይዝህ እንዳላቃጥልህ፣ ደብተሬ። ከአዲስ አበባ የብድር ሹም መጥቷል። መንግሥት ለትንንሽ ነጋዴ ያበድራል ተባለ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ የሞተር ወፍጮ። እዚህ ያለው አንድ ብቻ፣ የባላባታችን የፊታውራሪ። ዋጋውም ወረፋውም እንደፈቀዳቸው። ነገ እመዘገባለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ደሜ ፈልቷል። የብድሩ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሹሙ ልጅ እግር፣ ክራባት ያሰረ። ቁጭ በይ እንኳ አላለኝም። መያዣ ጠየቀኝ። ቤት አለኝ አልኩት። ቤቱ የቆመበት መሬትስ የማን ነው? የፊታውራሪ። እንግዲያው የሳቸውን ፊርማ አምጪ።

«የወፍጯቸውን ገበያ የሚሻማ ወፍጮ ልተክል ነው እኮ። እንዴት ይፈርሙልኛል?»

ደንቡ ነው አለ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ከወንድሜ ከሸምሱ ጋር ፊታውራሪ ቤት። ፀሐይ ላይ ስንቆም ረፈደ። ኋላ አስጠሩን።

«ልጄ፣ ወንድ የሌለበት ቤት ሞተር ምን ያደርግለታል? ብድሩ በኔ ስም ይውጣ፤ አንቺ ተቀጥረሽ ትሠሪበታለሽ።»

እምቢ አልኩ። ሸምሱ አቀርቅሮ ምንጣፍ ያያል። መንገድ ላይ ግን አፍ አወጣ፤ ከባላባት ጋር አይታገሉም፣ እሺ በይ። ከፊታውራሪ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 23

ብድሩ ተፈቀደ። ለፊታውራሪ። ለሁለተኛ ወፍጮ። ትንሹ ነጋዴ እሳቸው ሆኑ! ሹሙ ከቤታቸው ምሳ በልቶ፣ አፉን እየጠራረገ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ልናገረው ነበር። መንገድ ለቀቅኩለት። ለዚህ ራሴንም ጠላሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

ጎረቤት ከተማ እንሴኖ ደርሼ መጣሁ። የባሌ ሸሪክ የነበሩት ሐጂ ነስሩ ከገበያው ጀርባ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። ላሐውላ ብለው አዘኑልኝ፤ ነይና ቦታዬ ላይ ቤትሽን ሥሪ አሉኝ። ለጊዜው በሙቀጫ እቀጥላለሁ፤ የገበያው ሴቶች ዕቁብ አስገብተውኛል። ሞተሩ ይዘገያል። ይዘግይ።

መሬቱ የፊታውራሪ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ግን የኔ፣ ማገሩም የኔ። ሸምሱን መሰላል ይዘህ ና አልኩት። ሰው ምን ይላል አለኝ። ያለውን ይበል። ዓርብ ጣሪያው ይወርዳል። ምስማሯን እንኳ አልተውላቸውም።