የአስቴር ሽርጥ ሁለተኛው ፊት

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ አቃቂ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሁለቱም ፊት የሚለበስ ሽርጥ እየሰፋሁ ለዘመድ ወዳጅ አድላለሁ። ሌሎች ጡረተኞች ዳማ ይጫወታሉ። ለእህቴ ለአስቴር፣ ባሏ የሞተ ሰሞን የሰፋሁላት ግን ከሁሉም ይለያል፤ አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ቀይ አበባ። «ሙት ዓመቱ ሲወጣ ትገለብጪዋለሽ» ብያት፣ በብልሃቴ ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓመቱን ሙሉ ጥቁሩን ለብሳ ከረመች። ትናንት ሙት ዓመቱ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ስደርስ ጓዳ ቆማ ሽርጧን ፈታች፣ አየት አደረገችኝና ገለበጠችው።

አበባው የለም። ጥቁሩ በታጠበ ቁጥር ቀለሙን እየለቀቀ ቀዩን አመድ አስመስሎታል። ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የሠራሁ ሰው፣ ጥቁር ጨርቅ ከመሰፋቱ በፊት ውሃው እስኪጠራ መታጠብ እንዳለበት ረሳሁ። አዲስ ገቢዎችን በመጀመሪያው ቀን የማስተምራቸው እኮ እሱን ነበር።

«ሌላ እሰፋልሻለሁ» አልኳት።

«ተወው ጋሼ» አለች፣ ወገቧ ላይ እያሰረችው። «እንደ ድሮው ደማቅ ቢሆን ኖሮ አልለብሰውም ነበር። ይሄንን እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ሲጨንቀኝ ነው የሰነበትኩት።»

ከእሷ ወጥቼ ሳሪስ ሄድኩና ያንኑ ቀይ አበባ ጨርቅ ገዛሁ። ጥቁር አልገዛሁም። አሁን ከስፌት መኪናው አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል። መቀሱን ሁለት ጊዜ አነሳሁት፤ ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩት።