ቀኝ ጆሮ፣ ግራ ጆሮ

ጥቅምት 3
ዛሬም መዝገብ ቤት። አቧራ፣ ፋይል፣ አቧራ። ጠዋት የጆሮዬን ጥጥ ቀይሬ ወጣሁ፤ ምሳ ሳይደርስ ረጠበ። ግራ ጆሮዬ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ መግል ይወጣዋል። እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሥራ አስኪያጁን ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ በስብሰባ "የኋላው ደረጃ ጥገና ይቆይ" አለ። ጻፍኩ። ነሐሴ ላይ ደረጃው ከነጽዳት ሠራተኛችን ተናደ፤ ክንዷ ተሰበረ። ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም። ልጅቷ ጆሮዋ አይሰማም፤ ከራሷ ፈጥራ ነው የጻፈችው።" ስብሰባው ላይ የነበሩት አምስቱም ጫማቸውን አዩ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት። የጽዳት ሠራተኛዋ "በጥንቃቄ ጉድለት" ማስጠንቀቂያ።

ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለአቧራ ነው?

ጥቅምት 9
ማዞር ስለጀመረኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን። ያነሱኝን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቀለችው።

"መግሉ ከጆሮሽ ኋላ ያለው አጥንት ውስጥ ገብቶ እየበላው ነው። ጠብታ አይደርስበትም። ከፍተን መጥረግ አለብን።"

"ከዚያ እሰማበታለሁ?"

"ቃል አልገባም። የምሠራው እንዲደርቅ፣ ወደ አንጎልሽም እንዳያልፍ ነው። የፊትሽ ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ ተጠንቅቄ።"

የማይሸነግል ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ... ወደድኳት። እማዬ ግን፣ "አጥንት ሊቦረቡሩ? ጠብታው ትንሽ ቢሞከርስ?" አሥራ ስምንት ዓመት ሞከርነው እኮ፣ እማዬ።

ጥቅምት 14
የሕመም ፈቃድ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። "የመስማት ምርመራ ውጤት አምጪ። ማኅተም ያለበት። ለማኅደርሽ ይጠቅማል።"

ደንቆሮ መሆኔን በማኅተም ሊያጸድቅ። ይሁን።

ጥቅምት 16
ጠባብ ክፍል። ማዳመጫ ራሴ ላይ፣ ቁልፍ እጄ ላይ። ድምፅ ስሰማ መጫን ነው። በግራ... ጭር። በቀኝ ግን ትንፋሽ የምታህል እንኳ አላመለጠችኝም። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ "በዚህኛውስ እኔን ትበልጪኛለሽ" አለ።

"ቀኝ ጆሮ፦ ሙሉ ጤናማ።" መንገድ ላይ አራት ጊዜ አነበብኩት። ሐምሌ ላይ የት ነበር የተቀመጥኩት? ከሥራ አስኪያጁ በስተግራ፣ ቀኝ ጆሮዬ ወደ እሱ። ሁልጊዜም እዚያው ነኝ። ራሱ ያስመጣው ወረቀት... እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ሁለት ኮፒ። አንዱ ለማኅደሬ፣ አንዱ ከአቤቱታዬ ጋር ከሥራ አስኪያጁ በላይ ላለው ቦርድ። ከእኔ ስም በላይ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ጻፍኩ።

ጥቅምት 27
ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው። እማዬ ከጆሮዬ ኋላ ፀጉሬን ላጨችልኝ።

"ፊትሽ ቢጣመምስ? ማን ያገባሻል?"

"የተጣመመ ሰው።"

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ፈርቻለሁ... ፍርሃት ብቻ ግን አይደለም። ቶሎ ይንጋ።

ጥቅምት 29
ትናንት ስነቃ ራሴ በፋሻ ተጠምጥሟል። ሐኪሟ፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ። እሺ። ጥርስሽን አሳዪኝ።" አሳየኋት። ሁለቱም ጉንጮቼ እኩል ተነሡ።

"ኧረ እንዲያውም ሳታምር አልቀረችም" አለች እማዬ።

ኅዳር 8
ስፌቱ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ልትጠይቀኝ መጣች። ክንዷ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም። "አንቺ ራስሽን፣ እኔ ክንዴን። ተደምረን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣናል፣ የኔ ልጅ።"

ወሬም ይዛለች። ቦርዱ አምስቱን ጠርቶ ነበር፤ ወረቀቴን ፊታቸው አስቀምጦ ነው አሉ የጠየቃቸው። አንዱ ጫማውን ማየት ሰልችቶት እውነቱን ተናገረ። ከዚያ ሁለተኛው። ዛሬ ሌሊት እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ታኅሣሥ 11
ጠዋት በልማድ ጥጥ ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጆሮዬ ደረቅ። ጥጡን ጣልኩት። በግራ አሁንም ያው ነኝ፤ ሐኪሟም ቃል አልገባችም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ተሰርዟል። እኔም ወደ ቃለ ጉባኤ ያዥ ወንበሬ። ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ተግሣጽ ደርሶታል፤ ዛሬ ስብሰባው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በገመድ ታጥሮ ስለከረመው ደረጃ ሲነሣ፣ ለጠረጴዛው እንደሚያወራ፣ "በዚህ ሳምንት ይጠገን" አለ። "ሰማሽ?"

"እኔ ሰምቻለሁ። ይድገሙት ግን፣ እነሱም ይስሙ።"

አምስቱም ቀና አሉ።

ደገመው። ጻፍኩ።